ባለ አምስት ቋጠሮው ገመድና የካሜራው ዓይን

የአማርኛ መምህራችን «ትዝታ ለመጻፍ መጀመሪያ ማርጀት ያስፈልጋል» ብለው ክፍሉን በሙሉ አስቀውብኛል። እኔ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። ቢሆንም ትዝታ አለኝ፤ የጎደለኝን ዕድሜ ደግሞ ከአያቴ ላይ እወስዳለሁ፤ እሳቸው የተረፈ አላቸው። ድርሰቴ «ቆንጆ ነው» ከተባለልኝ ወዲህ እጄ አላርፍ ብሏል፤ ስለዚህ ይኸው።

ነገሩን የቀሰቀሰው ጓደኛዬ ሰሚራ ናት። ባለፈው ሳምንት ሰኞ ገበያ፣ ሻሽ ከደረደሩ ሴቶች ፊት ቆማ «አንሺኝ» አለችኝ። ስልኳን ተቀብዬ ሳነጣጥር ከኋላዋ የተሰቀሉት ሻሾች ጥርት ብለው እሷ ደብዝዛ ታየችኝ። «ፊቴን ንኪው!» አለች። መስታወቱ ላይ ፊቷን በጣቴ ነካሁት፤ ወዲያው ጠራች። በቃ፣ ይህንን ያህል ነው። እኔ ግን ጣቴን መስታወቱ ላይ እንዳደረግሁ ቀረሁ። አፍንጫዬን ያረጀ ቆዳ ሸተተኝ፤ ጆሮዬ ላይ የአባባ ድምፅ መጣ፤ «ቋጠሮውን ጉንጭሽ ላይ አድርጊ። አትተንፍሺ አላልኩም፣ ተንፍሺ። ብቻ ንቅንቅ እንዳትዪ።» ሰሚራ «ኧረ አንቺ ልጅ ጨርሺ፣ ባለ ጋሪው ሊጨፈልቀኝ ነው!» ስትል ነው የነቃሁት።

አባባ የምለው የእናቴን አባት ነው። ስማቸው ይመር ነው፤ የደሴ ሰው ግን «ይመር ፎቶ» ነው የሚላቸው፣ ፎቶ የአባታቸው ስም ይመስል። ፎቶ ቤታቸው ከፒያሳ ወደ አራዳ በሚወስደው መንገድ ጥግ ላይ ነበር። እኔ ሳልወለድ ተዘግቶ ጫማ መሸጫ ሆነ፤ ዛሬ ደግሞ የስልክ ሽፋንና የጆሮ ማዳመጫ ይሸጥበታል። ባለፍኩ ቁጥር ግን የማየው አባባ የነገሩኝን ቤት ነው። ግድግዳው ላይ ሐይቅና ዘንባባ የተሳለበት ሸራ፣ ምስማር ላይ አንድ ጥቁር ኮትና አንድ ቀይ ከረባት። ኮቱ የሁሉም ሰው ኮት ነው፤ ለመታወቂያ ከገጠር የመጣውም፣ ለእጮኛው ፎቶ የሚልከውም እሱኑ ይለብሳል። «በዚያን ጊዜ ግማሹ የደሴ ወንድ በአንድ ኮት ነው የተዳረው» ይላሉ አባባ። ጉርድ ፎቶ ስድስቱ በሁለት ብር፣ ሙሉ ቁመት አንዱ በሦስት ብር። ሴቶቹ ጸጉራቸውን አፍሮ አበጥረው፣ ወንዶቹ መሬት የሚጠርግ ሱሪ ለብሰው ወረፋ ይይዛሉ፤ ከጎረቤቱ ሻይ ቤት ራዲዮ አምባሰል ይንቆረቆራል። ዘመኑ የማን እንደነበር ስጠይቃቸው እጃቸውን ያወናጭፋሉ። «የማንም ይሁን። ሰው ፎቶ ሲነሣ በማንም ዘመን አንገቱን ያቀናል» ነው መልሳቸው።

ካሜራው አሜሪካን ሠራሽ ነው። እዚህ ያስተምር የነበረ አንድ ፈረንጅ ወደ አገሩ ሲመለስ በሰማንያ ብር ሸጠላቸው፤ ሰማንያ ብር ያኔ በሬ ይገዛ ነበር ይላሉ። የሸክላ ጡብ ያክላል፣ እንደ ጡብም ይከብዳል። ጥቁር ነው፤ ፊቱ ላይ ባለ ጥርስ ክቦች እንደ ሰዓት ሆድ ዕቃ ተያይዘው ይዞራሉ። ከእነሱ አጠገብ ሌንሱ አለ። አባባ ሌንስ አይሉትም፤ «ዓይኑ» ነው የሚሉት። ከእንቁላል አስኳል ብዙም አይበልጥም። ሌሎቹ ፎቶ ቤቶች የሩቁን የሚያቀርብና ሰፊውን የሚያጠቃልል ዓይን ሲያስመጡ አባባ ንቅንቅ አላሉም። «የኔው ሰውን በልኩ ነው የሚያየው። አያቀርብ፣ አያርቅ። ቅርብ እንዲሆንልሽ ከፈለግሽ በእግርሽ ሂጂ!» ይሉ ነበር። ዛሬ ስልኬ ላይ ሦስት ዓይን አለ፤ ስንቱን በእግሬ እንደሄድኩበት እንጃ።

ካሜራው ከጀርባው አንዲት ትንሽ መስኮት አለችው። በእሷ ሲያዩ ሰውየው ለሁለት ተቆርጦ ይታያል፤ ግንባሩ አንድ ቦታ፣ አገጩ ፈንጠር ብሎ ሌላ ቦታ። የዓይኑን ቀለበት ሲያዞሩት ግንባርና አገጭ ይገናኛሉ። ሲገናኙ ርቀቱ ልክ ሆነ ማለት ነው፤ ያኔ መተኮስ ነው። የአባባ መስኮት ግን ውሸታም ነበረች። ጥፋቱ የራሳቸው ነው። ፎቶ ቤቱን ገና ሳይከፍቱ የደሴ ጭጋግ ዓይኑ ውስጥ ሻጋታ ቢያበቅልባቸው፣ በጎረምሳነት ድፍረት ፈትተው ጠረጉትና መልሰው ሲገጥሙት አንድ ጥርስ አዘለሉ። ከዚያ በኋላ መስኮቷ «ተገናኙ» ስትል ዓይኑ ሌላ ቦታ ያያል። እሳቸው ይህን አላወቁም። ያሳወቋቸው እማማ ፋጤ ናቸው።

እማማ ፋጤ የአባባ ታላቅ እህት ናቸው፤ ገራዶ ነው የሚኖሩት። እናታቸው በልጅነት ስለሞቱባቸው አባባን አዝለው ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ሙሽራ ሆነው በሦስተኛው ሳምንት፣ እጃቸው ላይ ሂናው ሳይለቅ፣ ወንድማቸው ፎቶ ቤት ከፈተ ሲባል በእግራቸው ደሴ ገቡ። አባባም ካሜራቸውን ይዘው፣ በመስኮቷ አይተው፣ «አንገትሽን ቀና አድርጊ!» ብለው አነሧቸው። ፎቶው ታጥቦ ሲወጣ የሸራው ዘንባባ ቅጠሉ አንድ በአንድ ይቆጠራል፤ የእማማ ፋጤ ፊት ግን ጭጋግ ነው። እማማ ፋጤ አላለቀሱም፣ አልተቆጡም። «ወንድሜ ዘንባባውን ከነቅጠሉ አንስቶ እኔን የጦሳ ተራራ ጭጋግ አደረገኝ» አሉና ሄዱ። ከዚያ ወዲህ በማንም ፎቶ ቤት ተቀምጠው አያውቁም። በየሠርጉ፣ በየኢዱ «እማማ ፋጤ፣ ነይ እንነሣ» ሲባሉ «አንዴ ጭጋግ ሆኛለሁ፣ ይበቃኛል» ይላሉ። ሰው ይስቃል። አባባ ግን ሲስቁ አይቼ አላውቅም።

ገመዱን የወለደው ያ ፎቶ ነው። አባባ ሦስት ቀን ፎቶ ቤቱን ዘግተው፣ ፊልም እያቃጠሉ፣ ርቀት እየለኩ ሰነበቱ። በመጨረሻ አንድ ጠንካራ ሲባጎ ካሜራው ሥር አሰሩና አምስት ቦታ ቋጠሩት። አንደኛው ቋጠሮ ለጉርድ፣ ሁለተኛው ለግማሽ አካል፣ ሦስተኛው ለሙሉ ቁመት፣ አራተኛው ለቤተሰብ፣ አምስተኛው ለሠርግ። በየቋጠሮው ልክ ደግሞ የዓይኑ ቀለበት ላይ በሞረድ ጭረት አወጡ። ተነሺው ቋጠሮውን ጉንጩ ላይ ይይዛል፤ አባባ ገመዱ እስኪወጠር ወደ ኋላ ይሄዳሉ፤ ቀለበቱን በጣታቸው ዳብሰው ጭረቱ ላይ ያቆማሉ። ከዚያ «ልቀቂው!» ይላሉ፣ ገመዱ ይወድቃል፣ ቀጭ! መስኮቷን ተዉአት። ዛሬ በደሴ ውስጥ የአያት ፎቶ ያለበት ቤት ብትገቡ፣ ገመዱ የትም አይታይም። ግን እመኑኝ፣ እነዚያ ሁሉ ጉንጮች ላይ ቅድም ቋጠሮ ነበር።

እኔ አሥራ ሦስት ዓመት ሲሞላኝ የአባባ ዓይን መክዳት ጀመረ። ሐኪሙ «ይሄ የሚገፈፍ ሞራ አይደለም» ብሎ እናቴን ለብቻዋ አናገራት። ሰው የሚለዩት በድምፅ ሆነ፤ ካሜራውን ግን በገመድና በጣት እንደ ድሮው ይሠሩበት ነበር። ዘመድ ከአዲስ አበባ ካመጣላቸው ፊልም አራት ጥቅል ብቻ ቀርቷቸው ነበር፤ ለምን እንደሚያስቀምጡት ለማንም አይናገሩም። ታዲያ አንድ ሐሙስ ከገራዶ ሽንኩርት የምታመጣ ሴት መልእክት ይዛ መጣች። «እማማ ፋጤ ‹ዓይኑ ሳይዘጋ ያንሳኝ፣ ሰኞ እመጣለሁ› ብለዋል።» አባባ መልእክቱን ሁለት ጊዜ አስደገሟት። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ቆዩና «ያ ረቢ፣ ይህቺን ሴት ጭጋግ አድርጌ እንዳልሞት» አሉ።

እኔ ብልጧስ? ላግዝ አሰብኩ! ቅዳሜ ጠዋት፣ አባባ ሳይሰሙ፣ ካሜራውን ከነገመዱ የትምህርት ቤት ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ «ኮምቦልቻ አክስቴ ጋ ልሂድ» ብዬ ወጣሁ። ሚኒባሱ የሐረጎን ቁልቁለት ሲወርድ ጆሮዬ ድፍን አለ፤ ደሴ የለበስኩትን ሹራብ ኮምቦልቻ አወለቅሁት፤ እኔ እስካሁን በዚያ መንገድ ስወርድ ጥፋት የምሠራ ይመስለኛል። አውቶቡስ መናኸሪያው አካባቢ ሰዓትና ራዲዮ የሚጠግኑ ጋሽ ታደሰ የሚባሉ ሰው ነበሩ፤ ዕድሜያቸውን የጨረሱት በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሽመና ማሽን ሥር ነው። ካሜራውን ሲያዩ እጃቸውን በሸሚዛቸው ጠረጉ።

«ይሄን ከየት ሰረቅሽው?»

«የአያቴ ነው። እንዲያምር ፈልጌ ነው። ዓይኑ ሻግቷል።»

ፈቱት። አንድ ሰዓት ሙሉ አጎንብሰው ሲሠሩ አጠገባቸው ቆሜ የሰዓት ዘይት አሸተትኩ። ድንገት ሳቁ። «ይሄንን የገጠመው ሰው ጥርስ አዝልሏል! መስኮቷ ሌላ አገር፣ ዓይኑ ሌላ አገር። ስንት ዓመት እንዲህ ኖረ?»

«እንጃ። ብዙ።»

«አሁን ወደ ቦታው መለስኩት። ደግሞ ቀለበቱን ማን ነው እንደ ውሻ ያኘከው? ይሄ ሁሉ ጭረት ምንድን ነው? ላለስልስልሽ?»

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ። ያንን ጭረት በሕይወቴ ሙሉ አይቼዋለሁ፤ ምን እንደሆነም ብዙ ጊዜ ተነግሮኛል። ነገር ግን የጋሽ ታደሰ እጅ ሥር ካሜራው እንደ አዲስ ሲያበራ ሳይ «አዎ፣ ያለስልሱት» አልኩ። በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አሻሹት። የሙሽራ ቀለበት መሰለ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም፤ ወላሂ፣ ዳገቱን ስመለስ እየዘፈንኩ ነበር።

ሰኞ ደሴ በጭጋግ ነጋ፤ እስከ ረፋዱ ግን ተገፈፈ። እማማ ፋጤ ከገበያ በፊት ደረሱ። አረንጓዴ ሻሽ አስረዋል፣ ዓይናቸውን ተኩለዋል። ግቢያችን ውስጥ ከኮክ ዛፉ ሥር ዱካ ላይ ተቀመጡና ወንድማቸውን ገረመሙ።

«አንተ ይመር፣ ኮቱ የታለ? ለእኔ ኮት የለህም?»

«ኮቱ አለቀ እትዬ። ሁሉም ተዳረበት።»

«እኔማ ከኮቱ በፊት ነው የተዳርኩት። በል ቶሎ በል፣ በርበሬ ሳይወደድ ልድረስ።»

አባባ ቢስሚላህ ብለው ካሜራውን ከቆዳ ቦርሳው አወጡ። ገመዱን ዘረጉ። «ሁለተኛውን ቋጠሮ ጉንጭሽ ላይ» አሏቸው። እማማ ፋጤ እንደ ሕፃን ታዘዙ። አባባ ወደ ኋላ ሄዱ፣ ገመዱ ተወጠረ። የቀኝ አውራ ጣታቸው ቀለበቱን ዳበሰ። ዳበሰ። እንደገና አዙረው ዳበሱት። ፊታቸው ሲለወጥ አየሁ፤ ሰው ቤቱ ገብቶ ግድግዳውን ሲያጣ እንዲህ ይሆናል መሰለኝ።

«ማነው የነካው?»

እማማ ፋጤ ቋጠሮውን እንደያዙ «ምን ሆነ?» አሉ። እናቴ ከደጃፉ እኔን አየችኝ።

«እኔ ነኝ አባባ። ኮምቦልቻ ወስጄ አስጠገንኩት። ጭረቱን… አስለሰለስኩት። እንዲያምርልዎት ብዬ ነው።»

ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር። ካሜራውን ዝቅ አደረጉና በቀስታ «ያ ጭረት ዓይኔ ነበር እኮ ልጄ» አሉ።

ማልቀሴን አልደብቅም። እያለቀስኩም ግን አፌ አላረፈም፤ ይሄ ጠባዬ ዛሬም አልለቀቀኝ። «መስኮቷ ተስተካክላለች! ጥርሱ ዘሎ ነበር፤ ሰውየው ወደ ቦታው መልሰውታል። እኔ በመስኮቷ ልይልዎት?»

«ያቺ መስኮት? አርባ ዓመት የዋሸችኝ? እትዬን ጭጋግ ያደረገችብኝ እሷ አይደለችም?»

«ይመር» አሉ እማማ ፋጤ፣ «ልጅቱን አታስለቅሳት። ካልሆነ ይቅር፤ ጭጋጉን ለምጄዋለሁ።»

ይህን ሲሉ አባባ ቀና አሉ። ያቺ «ይቅር» የምትለው ቃል ነች ያነቃቻቸው ብዬ አስባለሁ። ካሜራውን ወደ እኔ ዘረጉ። በሕይወቴ ከእጃቸው ሲለቁት ያየሁት ያኔ ነው።

«ጦሳን አሳዪው» አሉኝ።

«ምን?»

«ተራራውን! ከዚህ የሚታይ ከጦሳ የራቀ ነገር የለም። ዓይኑ የመጨረሻውን ሩቅ ሲያይ ቀለበቱ መጨረሻው ላይ መድረስ አለበት። በመስኮቷ እዪና ጫፉን ከወገቡ አገናኚው። ከዚያ ቀለበቱ ይዞር እንደሆነ ንገሪኝ።»

በመስኮቷ አየሁ። ጦሳ ለሁለት ተቆርጧል፤ ጫፉ ወደ ግራ ሸሽቷል። ቀለበቱን በቀስታ አዞርኩ። ተራራው ተንሸራተተ፣ ተንሸራተተ፣ ገጠመ።

«ገጠመ።»

«አሁን ቀለበቱን ግፊው።»

«እምቢ አለ። አይዞርም።»

«ምንም መንገድ አልቀረውም?»

«ምንም።»

አባባ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። «ከእኔ ጋር ሳለ ጦሳ ሲገጥም ቀለበቱ ገና መንገድ ይቀረው ነበር። ተራራው ራሱን ያራቀ ይመስለኝ ነበር። አሁን መስኮቷ አትዋሽም።» ከዚያ የኮምቦልቻውን ሰው መረቋቸው፤ እኔንም በግማሽ አፍ መረቁኝ። «አብሽሪ። አሁን መስኮቷን ‹እማማ ፋጤን አሳዪኝ› በያት።»

እማማ ፋጤን በመስኮቷ አየኋቸው። ግንባራቸው ከነአረንጓዴ ሻሹ አንድ ቦታ፣ አገጫቸው ሌላ ቦታ። አባባ ከኋላዬ ቆመው ሁለት እጃቸውን በእጆቼ ላይ ጫኑ። ቀለበቱን አዞርኩ። ግንባርና አገጭ እየተጠጉ መጡ፤ የተኳሉት ዓይኖች መስመራቸውን ያዙ፤ አንዲት ሴት ሆኑ።

«ተገናኙ አባባ።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ወላሂ።»

የአባባ ጣት ከጣቴ በላይ ነበር። ቀጭ!

ፊልሙን የጎረቤታችን ልጅ የሆነ የአውቶቡስ ሾፌር አዲስ አበባ አድርሶ አሳጠበልን፤ ሦስት ሳምንት ፈጀ። በሦስቱ ሳምንት አባባ ስለ ፎቶው አንድም ቃል አልተነፈሱም፤ አውቶቡስ ጥሩምባ በነፋ ቁጥር ግን አንገታቸውን ያቀኑ ነበር። ፖስታው ሲመጣ እማማ ፋጤም በአጋጣሚ ለገበያ መጥተው ነበር። አጋጣሚ ይሉታል እሳቸው፤ ሦስቱንም ሰኞ መጥተዋል። አባባ ያኔ ወረቀቱን እንጂ ሥዕሉን አያዩም። «አንብቢልኝ» አሉኝ፣ ደብዳቤ ይመስል።

«ፊታቸው ጥርት ብሏል። የዓይናቸው ኩል ይታያል። ጉንጫቸው ላይ ያለው ሽብሽብ አንድ በአንድ ይቆጠራል።»

«አንድ በአንድ?» አሉ እማማ ፋጤ። «ኧረ ጥቂቱን ብታስቀርልኝ ምን ነበረ!»

አባባ አልሳቁም። «ከኋላስ?»

«የኮኩ ዛፍ ደብዝዟል። እና… አባባ፣ ገመዱ አለ።»

«የምን ገመድ?»

እኔም ያኔ ነው ያስተዋልኩት። በዚያ ሁሉ ግርግር ማንም «ልቀቂው» አላለም ነበር። እማማ ፋጤ ቋጠሮውን ጉንጫቸው ላይ እንደያዙ፣ በሁለት ጣታቸው፣ በጥንቃቄ፣ እንደ ታዘዙት ተቀምጠዋል።

«እትዬ! ገመዱን ለምን አልለቀቅሽም?»

«መች ልቀቂ አልከኝ?» አሉ እማማ ፋጤ። «ካላልከኝ እንዴት እለቃለሁ?»

አባባ እጃቸውን ዘርግተው ፎቶውን ተቀበሉኝ። በአውራ ጣታቸው ወረቀቱን ዳበሱት፣ ጭረት እንደሚፈልጉ። «ገመዱ ወዴት ይሄዳል?»

«ከጉንጫቸው ተነስቶ ወደ እኛ ይመጣል። ወደ ካሜራው።»

«እየቀረበ ሲመጣስ?»

«እየደበዘዘ ይመጣል። መጨረሻው፣ እርስዎ የቆሙበት ጋ ሲደርስ፣ ጭጋግ ብቻ ነው።»

ከዚያ እኔ በሕይወቴ በዚህ ጉዳይ ሲስቁ ያልሰማኋቸው ሰውዬ፣ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ።

«ሰማሽ እትዬ? በዚህኛው ጭጋጉ እኔ ነኝ። ተካካስን።»